የሰፈር ቦይና ኮብልስቶን በበጀት ለማስያዝ፦ ከብሎክ ስብሰባ እስከ ርክክብ

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲበረታ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ወንዝ ይሆናል፤ ጎርፉ ደለሉን ይዞ ግቢ ይገባል፤ ነዋሪው ተሰብስቦ ወረዳ ይሄዳል። ወረዳውም «በጀት የለም» ይላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማባረሪያ ይቆጥረዋል፤ በዚያ ቀን የተባለው ግን ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ 1 የሚጀምረው የአዲሱ ዓመት ዕቅድ ደግሞ ያኔ ተጠቃሎ ከወረዳው እጅ ወጥቷል። ጎርፉ የሚያስቆጣን ጥያቄው በማይሰማበት ወር ነው።

ይህ መመሪያ በመሃል አዲስ አበባ፣ ማለትም በአራዳ፣ በልደታ፣ በቂርቆስ ወይም በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ለሚኖሩና የሰፈራቸውን ቦይ፣ ኮብልስቶን ወይም ሁለቱንም ማሠራት ለሚፈልጉ ነው።

የት ነው የሚወሰነው?

በቻርተሩ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 361/1995 መሠረት ከተማዋ የምትተዳደረው በሦስት እርከን ነው፦ ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ከታች ደግሞ ያኔ ቀበሌ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ወረዳ። የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው፤ የከተማውን ዓመታዊ በጀት የሚያጸድቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ሰው «ጉዳያችን ምክር ቤት ይቅረብልን» ሲል ትክክለኛው በር ይመስላል። ችግሩ ምክር ቤቱ ፊት የሚቀርበው ሰነድ በጀቱን የሚያሳየው በመሥሪያ ቤት፣ በክፍለ ከተማና በዘርፍ ተጠቃሎ መሆኑ ነው። የእናንተ 120 ሜትር ጉሮሮ መንገድ እዚያ ገጽ ላይ በስሟ አትታይም። ከየትኛው ሰፈር ይጀመር የሚለው ምርጫ የሚደረገው ወረዳው የቅድሚያ ዝርዝሩን ሲያወጣና ክፍለ ከተማው ያንን ዝርዝር ሲያጣራ ነው። ጉልበታችሁን እዚያ አውሉት፤ ተመራጩ የምክር ቤት አባል የሚያስፈልጋችሁ በኋላ፣ ዝርዝሩ ላይ ከገባችሁ ወይም ያለ ምክንያት ከወጣችሁ ነው።

ጊዜውን ወደ ኋላ ቁጠሩት። መሥሪያ ቤቶች ለሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጥያቄያቸውን የሚያዘጋጁት በአብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገቢ መሆን አለበት። ለዚያ ኅዳር ላይ ስብሰባ፣ ጥቅምት ላይ ልኬት። የጎርፉ ፎቶግራፍ ግን የሚነሳው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በጥር ደረቅ መንገድ ላይ ቆሞ «እዚህ እስከ ጉልበት ይደርሳል» ማለት ማንንም አያሳምንም። ከቋሚ ነገር ጋር አድርጋችሁ አንሱት፦ በር፣ የስልክ እንጨት፣ የግንብ አጥር። ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ግንቡ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉበት።

መጀመሪያ ፕላኑን አጣሩ

በመሃል ከተማ ይህን ደረጃ መዝለል ውድ ስህተት ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳንና አራት ኪሎን፣ ቀጥሎም ካዛንቺስን ነክቷል፤ የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ደግሞ በቀበናና በግንፍሌ ዙሪያ ያሉ ሰፈሮችን ይመለከታል። ነዋሪው መዋጮ አሰባስቦ ድንጋይ ካስነጠፈ በኋላ አካባቢው ለመልሶ ማልማት ተይዞ ቢገኝ ገንዘቡን የሚመልስለት የለም።

ወደ ክፍለ ከተማው የፕላንና ልማት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መንገዱ በመዋቅራዊ ፕላኑ ወይም በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ስንት ሜትር ስፋት ተሰጥቶታል? መሬት ላይ 4 ሜትር የሆነ መንገድ በፕላን 8 ወይም 10 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ በሁለቱም ወገን ያለው አጥር ጥያቄ ውስጥ ነው፣ ጎረቤቶቻችሁም ይህን ፊርማ ከማኖራቸው በፊት ማወቅ አለባቸው። ሁለተኛ፣ አካባቢው በቅርብ ዓመታት ለሚነሳ ልማት ተይዟል ወይ? ሦስተኛ፣ በወንዝ ዳርቻ ክልል ውስጥ ይወድቃል ወይ? መልሱ በቃል ብቻ ከተሰጣችሁ የባለሙያውን የሥራ መደብና ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ «በዚህ ቀን በተሰጠን ማብራሪያ መሠረት» ብላችሁ ትጠቅሱታላችሁ።

አካባቢው ለልማት የተያዘ ከሆነ ጥያቄያችሁን አሳንሱት። ኮብልስቶኑን ተዉትና የተደፈነ ቦይ እንዲጠረግ፣ የተሰበረ የማንሆል ክዳን እንዲቀየር፣ መብራት እንዲገባ ጠይቁ። እነዚህ ከመደበኛ የጥገና ሥራ ይሠራሉ፤ ሰፈሩ እስኪነሳ ሁለት ክረምት ቢቀረውም ሁለቱ ክረምቶች ያው ይዘንባሉ።

ውሃው የማን እንደሆነ ለዩ

ቦይ ውስጥ የሚሄደው ውሃ ሁሉ የአንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። የዝናብ ውሃ መውረጃ ከመንገድ ጋር አብሮ የሚሠራ ሲሆን በዋና መንገዶች ላይ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ነው የሚመለከተው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ መስመርና የቧንቧ ውሃ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ የነፃ ስልክ መስመሩ 906 ነው። በአሮጌዎቹ የመሃል ከተማ ሰፈሮች ሁለቱ ተደባልቀዋል፦ የጋራ መጸዳጃ ቤት ሞልቶ ወደ ዝናብ ቦይ ይለቀቃል፣ አንዳንዱ ግቢ ደግሞ የጣሪያውን ውሃ ወደ ፍሳሽ መስመር አስገብቶ በክረምት ማንሆሉ ይፈነዳል። በደረቅ ወር፣ ሳይዘንብ፣ ቦዩ ውስጥ ውሃ የሚወርድ ከሆነ አንድም የተሰበረ ቧንቧ አንድም የተሳሳተ የፍሳሽ ግንኙነት አለ። ይህን ሳታስተካክሉ አዲስ ቦይ ብታስቆፍሩ ከሦስት ወር በኋላ ሽታው ያው ነው፤ ሰፈርተኛውም «ለዚህ ነው ያዋጣነው?» ይላል፣ መልስ የለውም።

ለካችሁ ሂዱ

«መንገዳችን ይሠራልን» የሚል ደብዳቤ ዕቅድ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ዕቅድ ቁጥር ይፈልጋል። 50 ሜትር የሚደርስ የሜትር ሪባን፣ ግንበኞች ልክ የሚያዩበት ግልጽ የላስቲክ ቱቦ፣ ኖራና ወረቀት ይበቃል።

ርዝመቱን ከመነሻ እስከ ውሃው የሚፈስበት ነጥብ ድረስ ለኩ፤ መንገዱ እስከሚያልቅበት ብቻ አይደለም። ስፋቱን በየ10 ሜትሩ ውሰዱና ጠባቡንም ሰፊውንም ጻፉ። የቁልቁለቱን መጠን በቱቦው እወቁ፦ በየ10 ሜትሩ በሁለቱ ጫፍ ውሃው ከመሬት የሚቆምበትን ከፍታ አይታችሁ ልዩነቱን መዝግቡና ደምሩ። ቦይ ቢያንስ በ100 ሜትር 1 ሜትር ያህል ቢወርድ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ደለል ይተኛበታል።

ለምሳሌ 120 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 480 ካሬ ሜትር ነው። ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ በ1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሲነጠፍ በካሬ 83 ገደማ ይገባል፤ በጠቅላላው ወደ 40 ሺህ ድንጋይ። ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ሲሆን 24 ሜትር ኩብ፣ ከዚያ በታች 15 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ሲሆን 72 ሜትር ኩብ ነው፤ ገረጋንቲው ሲጠቀጠቅ ስለሚሟሽሽ በመኪና የሚመጣው ወደ 90 ሜትር ኩብ ይጠጋል። በአንድ ወገን ቦይ 120 ሜትር። ይህ የመሐንዲሱን ሥራ አይተካም፤ ዋጋውን የሚያወጣው በክፍለ ከተማው የዲዛይንና ግንባታ ሥራዎች ዘርፍ ያለ ባለሙያ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ባለሙያው ግምቱን ሲያወጣ 120 ሜትሩ 90 ሆኖ ቢመጣ ወዲያው ታያላችሁ፤ 30 ሜትሩ የት እንደቀረ መጠየቅም ትችላላችሁ።

በአንድ ገጽ ላይ ንድፍ ሣሉ። ቤቶቹን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ የማንሆል ክዳኖችን፣ የውሃ ቆጣሪዎችንና ውሃው የሚወጣበትን ነጥብ አሳዩ። የመውጫው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል። ውሃው ከእናንተ መንገድ ወጥቶ የታችኛው ሰፈር በር ላይ የሚፈስ ከሆነ የታችኞቹ ተቃውሞ ያነሳሉ፤ መብታቸውም ነው። ከወዲሁ አስፈርሟቸው፣ ወይም ጥያቄውን አንድ ላይ አቅርቡት።

ስብሰባውና ቃለ ጉባኤው

ስብሰባውን በብሎክ ደረጃ ጥሩ፤ የብሎኩና የቀጠናው አስተባባሪዎች ቀድመው ይወቁት። እድሩን አትለፉት። የአባላት መዝገብ፣ ድንኳንና ወንበር፣ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያምነው ገንዘብ ያዥ ያለው እድር ቤት ነው። ሰዓቱን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብታደርጉት ብዙ ሰው ይገኛል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን ደግሞ የሶላት ሰዓት እንዳያልፍባቸው አስቡ።

ማን ይፈርም? ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የግል ይዞታ ያላቸውን ብቻ ያስፈርማል። በመሃል ከተማ የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ተከራይ፣ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ሱቅና ጋራዥ ያለው፣ ሁሉም መንገዱን ይጠቀማል። በአምስት ዓምድ መዝግቡ፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የይዞታው ዓይነት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ፊርማ። ከአንድ ቤት አንድ ፊርማ። የቤት ቁጥር የሌለው የፊርማ ዝርዝር ወረዳው ሊያጣራው አይችልም፣ ስለዚህም አይቆጥረውም።

ቃለ ጉባኤው አጭር ይሁን፦ ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ ሰዎች ብዛት፣ አጀንዳ፣ የተነሱ ሐሳቦች፣ ውሳኔ። የተቃወመ ካለ ተቃውሞውም ይጻፍ። አንድ ድምፅ ያልተስማማበትን «በሙሉ ድምፅ» ብሎ መጻፍ በኋላ ያ ሰው ወረዳ ሄዶ «እኔ አልተስማማሁም» ሲል ወረቀታችሁን በሙሉ ያበላሸዋል። አምስት ወይም ሰባት ሰው ያለው ኮሚቴ ምረጡ፤ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፣ አንዱ ደግሞ በሥራ ቀን ቢሮ መመላለስ የሚችል። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ከተገኘ ሌላ አትፈልጉ፤ የመዝገብ ቤትን ቋንቋ ያውቃል።

ደብዳቤው

አንድ ገጽ፣ አንድ ጉዳይ። ውሃ፣ መብራት፣ ጸጥታና የወጣት ማዕከል ባንድ ደብዳቤ ከተጠየቁ ደብዳቤው አራት ቦታ ይመራል፣ አራቱም ሌላው እስኪመልስ ይጠብቃሉ። ቅርጹ ይህን ይመስላል፦

«ቀን፦ …
ለ… ክፍለ ከተማ ወረዳ … ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የውስጥ ለውስጥ መንገድና የዝናብ ውሃ ቦይ በመጪው የበጀት ዓመት ዕቅድ እንዲያዝልን ስለመጠየቅ

ከ… እስከ … ያለው 120 ሜትር ርዝመትና በአማካይ 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ቦይ የሌለው በመሆኑ በክረምት ወራት ጎርፍ ወደ … ቤቶች ይገባል። በቀን … ባደረግነው ስብሰባ … አባወራዎችና እማወራዎች ተገኝተን ሥራው በመጪው በጀት ዓመት እንዲሠራ እንዲጠየቅ፣ የነዋሪውንም ድርሻ ለማዋጣት ወስነናል። ስለዚህ፦ 1ኛ/ ባለሙያ ተመድቦ ቦታው እንዲታይና ግምት እንዲወጣ፤ 2ኛ/ ሥራው በወረዳው የቅድሚያ ዝርዝር ውስጥ እንዲካተት፤ 3ኛ/ የተሰጠን ተራ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አባሪ፦ ቃለ ጉባኤ፣ የፊርማ ዝርዝር፣ ንድፍ፣ ፎቶግራፍ
ግልባጭ፦ ለክፍለ ከተማው ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ለክፍለ ከተማው የዲዛይንና ግንባታ ሥራዎች ጽሕፈት ቤት፣ ለወረዳው የኅብረተሰብ ተሳትፎ ጽሕፈት ቤት»

የሕግ አንቀጽ አታብዙበት። ካስፈለገ አንድ ብቻ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ደብዳቤውን ለኃላፊው እጅ በእጅ አትስጡ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፤ የራሳችሁ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይረፍበት። ኃላፊ ይቀየራል፣ ወረዳም በሌላ መዋቅር ይደራጃል፤ የሚቀረው የገቢ ቁጥሩ ነው። ግልባጩንም ለየመሥሪያ ቤቱ ራሳችሁ አድርሳችሁ ማኅተም አስመቱ። «ግልባጭ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ወረቀት በራሱ እግር አይሄድም።

የሚሰጡ መልሶችና ቀጣዩ እርምጃ

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ከተባላችሁ ኃላፊውን አትጠብቁ፤ ደብዳቤው ለየትኛው ባለሙያ እንደተመራ ከመዝገብ ቤት ጠይቁና ወደ ባለሙያው ሂዱ። «በዕቅድ አልተያዘም» ሲባል የምትጠይቁት የመጪውን ዓመት ዕቅድ እንጂ የዘንድሮውን እንዳልሆነ አስረዱ፤ የመጪው ዝርዝር መቼ እንደሚዘጋ ጠይቁና ቀኑን ጻፉ። «በጀት የለም» የሚለው መልስ ታኅሣሥ ላይ ሲሰጥ የሰኔው ያህል ክብደት የለውም፤ ገና የሚጠየቅ በጀት ነውና። «ከበላይ አልወረደም» ከተባለ ደግሞ ለክፍለ ከተማው የሰጣችሁትን ግልባጭ ቁጥር ይዛችሁ እዚያው ሂዱ።

ወረዳው ለነዋሪው የዕቅድ ውይይት መድረክ ሲጠራ በርከት ብላችሁ ተገኙ፤ የሚናገር ግን አንድ ሰው ይሁን። አስተባባሪዎቹ ዕድል ሲሰጡ ሁለት ደቂቃ ነው የምታገኙት። ታሪክ አትጀምሩ። «በገቢ ቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን ያቀረብነው የ120 ሜትር ቦይ በቅድሚያ ዝርዝሩ ስንተኛ ነው? ከላዩ ያሉት በምን መስፈርት ቀደሙ?» ብላችሁ ጠይቁና ጥያቄው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አመልክቱ።

ምላሽ ከጠፋ ወደ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ይኬዳል። ዝርዝሩን ለማየት ከተከለከላችሁ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመረጃ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። እምቢ ካለ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ዘንድ ይኬዳል። ተመራጫችሁን የምታገኙት እዚህ ላይ ነው። «መንገድ ይሠራልን» አትበሉት፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ያልተመለሰውን ጥያቄ በአንድ ገጽ ስጡት። የምክር ቤት አባል በቋሚ ኮሚቴ ወይም በጉባኤ አስፈጻሚውን መጠየቅ ይችላል፤ የሚጠይቅበት ወረቀት ሲኖረው።

መዋጮ

የነዋሪው ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነና ከየትኛው ግምት እንደተሰላ ከኅብረተሰብ ተሳትፎ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ሳትቀበሉ አንድ ብር አትሰብስቡ። ድርሻው ሲታወቅ በቤት እኩል ማካፈል ቀላል ይመስላል፤ በየቀበሌ ቤቱ ያለች ጡረተኛና በዋናው በር ላይ ጋራዥ ያለው ግን እኩል አይከፍሉም። አቅም የሌላቸውን ኮሚቴው በስም ሳይሆን በቁጥር አስመዝግቦ ይተዋቸው፤ ድርጅቶች ከፍ ያለ ድርሻ ይውሰዱ። ከመክፈል ይልቅ ጉልበት የሚሰጥ ካለም ቀኑ ተቆጥሮ ይመዝገብለት።

ገንዘቡ የሚገባው ለዚሁ በተከፈተ ዝግ ሂሳብ፣ ማለትም ለሌላ ሥራ በማይውል ሂሳብ ነው። ሥራው እስኪጀመር ኮሚቴው በራሱ የሚያስቀምጥ ከሆነ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ይከፈት፤ በግለሰብ ሂሳብ፣ «ለጊዜው» ተብሎም ቢሆን፣ አይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ከፋይ ደረሰኝ፤ በየወሩ ደግሞ የተሰበሰበው መጠን በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ።

ሥራው ሲጀመር

የመሬት ውስጥ መስመሮች ቅድሚያ አላቸው። የውሃ፣ የፍሳሽ፣ የመብራትና የኢትዮ ቴሌኮም መስመር የሚቀይር ካለ ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ያስቆፍር፤ ለአራቱም ሥራው የሚጀመርበት ቀን በደብዳቤ ይነገራቸው። ከተነጠፈ በኋላ የተቆፈረ ኮብልስቶን እንደ ቀድሞው አይመለስም፦ ከሥሩ ያለው አፈር ሳይጠቀጠቅ ስለሚሸፈን በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። በሐምሌ ጭቃ ላይ የተደለደለ ገረጋንቲ አይጠቀጠቅም። ኮንትራክተሩ ሰኔ ላይ ልጀምር ካለ በጀቱ ሊቃጠል ስለተቃረበ ነው፤ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱን ጠርታችሁ ሐሳባችሁን በጽሑፍ አስታውቁ።

ነዋሪ ያለ መሐንዲስ ሊያያቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ቦዩ ከመውጫው ወደ ላይ ይቆፈራል፤ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ከመጣ መውጫው ላይ ሲደርስ ከዋናው ቦይ በታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ገረጋንቲው ከመሸፈኑ በፊት ውፍረቱን በሜትር እዩ። ቦዩ በአንድ ወገን ከሆነ የ4 ሜትሩ ስፋት ወደ ቦዩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል አለበት፤ ክር ወጥራችሁ ለኩ። በዳርና በዳር በሲሚንቶ የተያዘ የጠርዝ ድንጋይ ከሌለ መኪና ሲያልፍ ድንጋዮቹ ወደ ጎን ይሸሻሉ። የማንሆል ክዳን ከድንጋዩ ጋር እኩል ይሁን፤ ተቀብሮ የቀረ ክዳን መስመሩ በተደፈነ ቀን መንገዱን ያስፈርሳል።

ከርክክብ በፊት በላይኛው ጫፍ አንድ ሁለት በርሜል ውሃ አፍስሱና ተከተሉት። የቆመበትን ሁሉ በኖራ ምልክት አድርጉ፣ ዝርዝሩም በጊዜያዊ ርክክቡ ሰነድ ላይ ይጻፍ። በግንባታ ውል የጉድለት ማስተካከያ ጊዜው በተለምዶ አንድ ዓመት ነው፤ ይህም አንድ ሙሉ ክረምት ያሳያችኋል። መስከረም ላይ የሰመጠውን፣ የተነቀለውንና ውሃ ያቆረውን ቦታ ፎቶግራፍ አንስታችሁ በቁጥር ዘርዝሩና የመጨረሻው ርክክብ ሳይፈረም መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ። ያ ቀን ካለፈ ጥገናው አዲስ ጥያቄ ይሆናል፤ ደብዳቤውም እንደገና ለታኅሣሥ መድረስ አለበት።